ፓርቲዬን ሳልለቅ ለተቀናቃኛችን ዕጩ የቆምኩበት ሰሞን

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ፣ ከካራ አለፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ የፓርቲዬን ዕጩ ትቼ የተቀናቃኛችንን ፓርቲ ዕጩ ደገፍኩ። ተደብቄ አይደለም፤ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እየወጣሁ፣ በር እያንኳኳሁ፣ በስሜ ፈርሜ ነው። ያን ጊዜ የፓርቲያችን የወረዳ አስተባባሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እንዴት እንዳደረግኩት የሚጠይቁኝ አሉ፤ ለዘብተኛ የሚባሉ፣ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው የማይሰማ፣ እንደ ማሽላ እያረሩ የሚስቁ ሰዎች። የምጽፈው ለእነሱ ነው። የፓርቲዎቹን ስም አልጠራም፤ የሁለቱም ሰዎች ዛሬም ጎረቤቶቼ ናቸው።

ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ኮንዶሚኒየሙ ከላይ ነው። ከወንዙ ማዶ መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው አርሶ አደሮች መንደር አለ። እኛ ዕጣ ወጥቶልን ወይም ተከራይተን የመጣን ነን፤ ለእነሱ ግን ዛሬ ብሎክ የቆመበት ቦታ የአያቶቻቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ውኃ በፈረቃ ነው። በሳምንት አንድ ሌሊት ሲመጣ ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሮቶውንም ጀሪካኑንም ይሞላል። አዲስ አበባን ከሚያጠጡት ግድቦች አንዱ ለገዳዲ በእኛው አቅጣጫ መሆኑ የበለጠ ያስቆጫል። በ2010 ዓ.ም. የማዶ ወጣቶች ወደ እኛ የሚመጣውን ቧንቧ ቆረጡት። ቧንቧው በደጃቸው እያለፈ ለእነሱ አንድ ቦኖ እንኳ አልተተከለላቸውም ነበር። አሥራ አንድ ቀን ያለ ውኃ ቆየን። በዚያ ሰሞን ዱላ ይዘው ወደ ወንዙ የወረዱ የእኛ ልጆች ነበሩ።

ያን ጠብ ያበረደችው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት። አማርኛም ኦሮምኛም አሳምራ ትናገራለች፤ የሁለቱም ወገን ልጆች ተማሪዎቿ ናቸው። የማዶ ሽማግሌዎችንና የእኛን የብሎክ ተወካዮች በአንድ ክፍል፣ በተማሪ ዴስክ ላይ አስቀምጣ ሦስት ቀን አነጋገረች። ማዶ ቦኖ ይተከል የሚል ማመልከቻ በሁለቱም ወገን ፊርማ ገባ፤ ቦኖው ተተከለ፤ ቧንቧውም ተጠገነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በተቀናቃኛችን ፓርቲ ስም ዕጩ ሆና ቀረበች። በመሬት ፖሊሲና በፌዴራል አወቃቀሩ ላይ ከፓርቲዋ ጋር ያን ጊዜም አልስማማም ነበር፤ ዛሬም አልስማማም።

የእኛ ዕጩ ከመሃል ከተማ የተላከ፣ የተማረ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ነዋሪውን ኮሚናሉ፣ ማለትም የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ሰብስበን፣ «ማዶ ያሉት ካሳቸውን በልተው ጨርሰዋል፤ አሁን ዓይናቸውን የጣሉት በእናንተ ቤት ላይ ነው» አለ። ተጨበጨበ። በማግስቱ ማዶ፣ ወይራው ሥር፣ ለአርሶ አደሮቹ በአስተርጓሚ «እነዚያ መጤዎች በአባቶቻችሁ መሬት ላይ ተንደላቀው ይኖራሉ፤ ቦኖውን እንኳ የጣሉላችሁ እንደ ምጽዋት ነው» አለ። እዚያም ተጨበጨበ። በሁለቱም ቀን ማይክራፎኑን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እሑድ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዱላ ይዘው ወደ ወንዙ የወረዱት ልጆች ዓይኔ ላይ ይመጡብኝ ነበር።

መጀመሪያ ነገሩን በቤታችን ውስጥ ልጨርሰው ሞከርኩ። ሰኞ ዕለት ዕጩውን ለብቻው አግኝቼ፣ ሁለቱንም ንግግር የሰማሁ ሰው እኔ ነኝ አልኩት። «ምርጫ ነው እኮ፤ ሰው የሚነሣው የሚያመው ቦታ ሲነካ ነው» አለኝ። ለበላይ ጽሕፈት ቤታችን በጽሑፍ አመለከትኩ፤ በሁለቱም ቦታ ተመልሶ ቃሉን ያስተካክል ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። መልስ አልመጣም። በምትኩ ሦስተኛ ስብሰባ እንዳዘጋጅ ፕሮግራም ተላከልኝ። ያኔ ወሰንኩ።

ድምፄን ዝም ብዬ ለእሷ ሰጥቼ መቅረት እችል ነበር፤ ምስጢር ነው፣ ማንም አያውቅም። ብዙ ወዳጆቼ የመከሩኝም ይህንኑ ነው። ነገር ግን የማዶ አዛውንቶች የፓርቲያችንን የምርጫ ምልክት ለይተው እንዲያውቁ ለወራት ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ማንበብ የማይችል ሰው ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገው ምልክቱን ነው። በእኔ ቃል ያመኑትን ምልክት፣ እኔ እያወቅኩ ዝም ብዬ፣ ይዘውት እንዲገቡ መተው አልሆነልኝም።

ደግሞ የእኛ ምርጫ ሁለተኛ ዙር የለውም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 የፕሬዚዳንት ምርጫ ጽንፈኛው ቀኝ ዘመም ዣን ማሪ ለ ፔን ለሁለተኛው ዙር ሲያልፍ፣ ግራ ዘመሞቹ ሁለት ሳምንት ማሰቢያ ነበራቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲቃወሙት ለኖሩት ለዣክ ሺራክ ድምፃቸውን ሰጡ፤ ሺራክም 82 በመቶ አገኘ። እኛ ጋ ግን በአንዱ ዙር ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ፣ ከግማሽ በታች ቢሆንም፣ ያልፋል። በዚያ ላይ ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ነበሩ፤ ቅስቀሳ ክልክል ነበር። ቀኑን ስቆጥረው የቀረኝ ሦስት ሳምንት አይሞላም ነበር።

በዚያ ሰሞን ከአእምሮዬ ያልወጡት ኮሊን ፓወል ናቸው። የቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪፐብሊካን ሆነው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ምርጫው ሊደርስ ሲል ለዴሞክራቱ ባራክ ኦባማ ድጋፋቸውን በቴሌቪዥን ገለጹ። የፓርቲያቸውን ዕጩ ጆን ማኬይንን አልሰደቡም፤ አክብረው ነው ያነሷቸው። ያንገበገባቸው ከራሳቸው ፓርቲ ሰዎች አፍ የሚወጣው «ኦባማ ሙስሊም ነው» የሚል ወሬ ነበር። አይደለም፣ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊምስ ቢሆን ምን ነውር አለው አሉ። አርሊንግተን በሚባለው የወታደሮች መቃብር ላይ የልጇን የመቃብር ድንጋይ ተደግፋ ስላዩዋት እናት ፎቶግራፍ ተናገሩ፤ ለአሜሪካ ተዋግቶ የሞተው ወታደር ድንጋይ ላይ የነበረው ጨረቃና ኮከብ ነው። ፓወል ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሪፐብሊካን ነኝ እያሉ ኖሩ። እኔም የፈለግኩት ይህንን ነው፤ ከቤቴ ሳልወጣ፣ በቤቴ የተነገረውን ነውር ነውር ማለት።

ማክሰኞ ማታ ሰባቱን የኮሚቴ አባላት ሰበሰብኩ። ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ከእኔ አፍ እንዲሰሙት ብዬ ነው። አስተባባሪነቱን መልቀቄን ነገርኳቸው። አባልነቴን ግን በራሴ ፈቃድ እንደማልተው፣ በደንባችን መሠረት እርምጃ ቢወስዱብኝ እንደምቀበል ጨመርኩ። ማኅተሙን፣ ማይክራፎኑን፣ የተረፈውን ቲሸርትና የአባላቱን ስም ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ዝርዝሩ ላፕቶፔም ውስጥ ነበር፤ እነሱ እያዩ አጠፋሁት። የእኔን መንገድ ሊከተል ለሚያስብ ሰው ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው። በአደራ የተሰጠህን የሰው ስም ይዘህ አትሻገር። በኋላ ብዙ ነገር ተባልኩ፤ አባሎቻችንን ደውሎ ሰረቀን ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ከዚያ ወደ መምህርቷ ቤት ሄድኩ። ቡና ቀርቦ ነበር። «ጋሼ፣ ወደ እኛ ሊገቡ ነው?» አለችኝ። «አይደለም፣ ያመጣሁት ድምፄን ብቻ ነው» አልኳት። ቲሸርታችሁን አልለብስም፣ መድረካችሁ ላይ አልወጣም፣ የፓርቲዬን ስም በክፉ አላነሣም፣ ብታሸንፊም ሹመት አልቀበልም አልኩ። በምላሹ አንድ ነገር ለመንኳት፤ ኮሚናሉ ውስጥም ወይራው ሥርም አንድ ዓይነት ንግግር እንድታደርግ። «ልጆቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሁለት ዓይነት ብናገር ሰኞ ጠዋት ይነጋገሩብኛል» አለችኝ። አመንኳት።

በየበሩ የማድለውን ደብዳቤ የጻፍኩት ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ሆነ፤ አብዛኛው በዕጩያችን ላይ ክስ ነበር። ባለቤቴ አንብባ መለሰችልኝና «ይህን ያነበበ ሰው የሚፈራው አንተን ነው» አለችኝ። ቀደድኩት። ሁለተኛው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ማን እንደሆንኩ፤ ቅዳሜና እሑድ የሰማሁት ቃል በቃል፣ ምንም ቅጽል ሳልጨምርበት፤ መምህርቷ በውኃው ጠብ ጊዜ ያደረገችው፤ በመጨረሻም ከፓርቲዋ ጋር የማልስማማባቸው ነገሮች። ያቺን የመጨረሻ አንቀጽ ላውጣት አላውጣት እያልኩ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። በየቤቱ በሩን የከፈተችልኝ ግን እሷ ናት። «ከእነሱ ጋር አልስማማም እያለ ነው ምረጧት የሚለን» እያሉ ደግመው ያነቧት ነበር። በራሴ ወረቀትና ቀለም ሦስት መቶ ቅጂ አባዛሁ።

«ስንት ከፈሉህ?» የሚለው ጥያቄ ገና የመጀመሪያው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የገጠመኝ። ፊቴ ጋለ፤ ተቆጥቼ መለስኩ፤ በሩ ተዘጋ። አራተኛ ፎቅ ላይም እንዲሁ ሆነ። ማታ ሳስበው ሰውየው ልክ ነበር። በእኛ አገር ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው ወንበር ወይም ገንዘብ ነው፤ ያንን የፈጠርነው ደግሞ እኛው ፖለቲከኞቹ ነን። ከዚያ በኋላ ሳልጠየቅ ራሴ እጀምረው ነበር፤ ስንት እንደተከፈለኝ መጠየቅ መብትዎ ነው፣ ወረቀቱ የሱቄ ነው፣ ሹመት እንደማልቀበል እዚህ ፈርሜያለሁ፣ ብዋሽ ይህን ወረቀት ይዘው ይምጡብኝ እያልኩ። ብዙዎቹ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ማዶ ግን ወረቀት አልሠራም። አንድ አዛውንት «ትናንት ይህን ምልክት ያዙ አልከን፣ ዛሬ ያኛውን ትላለህ፤ ነገስ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ትናንት ያልኳችሁን አምኜበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኮሚናሉ ውስጥ ስለ እናንተ የተባለውን ሰማሁ» ብዬ የቅዳሜውን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ይህን ልትነግረን ወንዙን መሻገርህ ደግ አደረግህ» አሉኝ፤ እመርጣታለሁ ግን አላሉም። ማዶ የሄድኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ቋንቋው የራሴ ስለሆነ ቀለለኝና ቀኖቼን እዚያው ጨረስኩ። አሁን ቢሆን ግማሹን ጊዜ ማዶ እቀመጣለሁ፤ ወረቀት ሳልይዝ፣ ኦሮምኛ የሚችል ጎረቤት አስከትዬ።

የጥሞናው ጊዜ ሲገባ አቆምኩ። ሰኔ 14 ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተራዘመ። በማግስቱ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። በእኛ ጣቢያ መምህርቷ በልጣ ነበር፤ ማዶ ባለው ጣቢያ የእኛ ዕጩ በለጠ። በምርጫ ክልሉ ግን አላለፈችም። በሳምንቱ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳገኛት የተማሪ ካርድ እየፈረመች ነበር።

ፓርቲዬ ከሰሰኝ። ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 ጠቀስኩ፤ የምክር ቤት አባላት የሚገዙት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው የሚለውን። አንተ የምክር ቤት አባል አይደለህም አሉኝ። በሕጉ እነሱ ልክ ነበሩ። ለአንድ ዓመት ታገድኩ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ተመለስኩ፤ ዛሬም አባል ነኝ።

የማይድነው ሌላ ነበር። ከሰባቱ አንዱ አበልጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሣ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ገና ጎህ ሳይቀድ ለምርጫ አብረን የተሰለፍን፣ ፓርቲውም ውስጥ አብረን የገባን ነን። ያን ማክሰኞ ማታ ከስድስቱ ጋር እኩል ሰማው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መንገር ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። ለእሱ ግን ሰኞ ማታ፣ ለብቻው፣ ቤቱ ሄጄ መንገር ነበረብኝ። ሦስት መቶውን ቅጂ በየበሩ ሳድል እንኳ የእሱን ብሎክ አልፌው ነበር፤ አፍሬ። አማቴ ያረፉ ጊዜ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ሳያናግረኝ ሄደ።

ባለፈው ክረምት የልጁን የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ሊያስደርግ ሱቄ ገባ። ሠራሁለት። ሒሳቡን ከፍሎ አልወጣም፤ ባንኮኒው አጠገብ ቆመ። «ያን ደብዳቤ ለእኔ አልሰጠኸኝም» አለ። መሳቢያው ውስጥ ሦስት ቅጂ ቀርተውኝ ነበር። አንዱን አወጣሁለት። መነጽሩን አድርጎ እዚያው ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ እኔም ወንበር አቀረብኩለት።