ሆርሞንና ክብደት፦ እስካሁን የገባኝ

ካሎሪ መቁጠሩን ከለመድኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ሁለት ሰዎች እኩል ምግብ ይቀርብላቸዋል። አንዱ ግማሹ ላይ ሲደርስ በቃኝ ይላል። ሌላው ሳህኑን ጠርጎም ገና ይርበዋል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ በደም እየተጓዘ ለሰውነት ክፍሎች መልእክት ስለሚያደርሰው ሆርሞን ማንበብ ጀመርኩ። ክብደታችሁ ላይ እየሠራችሁ ያላችሁ ሁሉ ይጠቅማችኋል ብዬ ስላሰብኩ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሆርሞን ከምንም ተነስቶ ስብ አይፈጥርም። ሰውነት የሚያከማቸው ከበላነው ነው። ሆርሞኖች የሚገቡት ምን ያህል እንደሚርበን፣ ምን ያህል እንደምናቃጥልና የተረፈው የት እንደሚቀመጥ ላይ ነው። ስለዚህ «ካሎሪ ነው ወይስ ሆርሞን?» የሚለው ክርክር ብዙም አይዋጥልኝም። የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽ ናቸው።

ከሁሉ የያዘኝ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ ከልክ በላይ የሚወፍሩ አይጦች ተገኙ። ምግብ ካገኙ ማቆም የለም። በኋላ እዚያው ሌላ ወፍራም የአይጥ ዘር ተገኘ፤ ይኼኛው የስኳር በሽታም ነበረበት። ዳግላስ ኮልማን የተባለው የላቦራቶሪው ተመራማሪ ሁለት ሁለት አይጦችን በቀዶ ሕክምና ጎን ለጎን እያገናኘ ደማቸው እንዲቀላቀል አደረገ። ሲያነቡት ይከብዳል፤ ያሳየው ነገር ግን ትልቅ ነው።

ስኳር ያለበት ወፍራም አይጥ ከጤነኛ አይጥ ጋር ሲገናኝ ጤነኛው መብላት አቁሞ በረሀብ ሞተ። ወፍራሙ ግን እንደ ወትሮው መብላቱን ቀጠለ። የመጀመሪያው ዘር ከጤነኛ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወፍራሙ ምግብ ቀነሰና ከሳ። ነገሩን ስታገጣጥሙት በደም የሚጓዝ «በቃ» የሚል መልእክት አለ ማለት ነው። አንዱ ዘር መልእክቱን መሥራት አይችልም። ሌላው ደግሞ በገፍ ይሠራዋል፤ ነገር ግን አንጎሉ አይሰማውም።

መልእክቱ ራሱ የተገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ጂኑን አገኙት፤ ሆርሞኑም ሌፕቲን ተባለ። የሚያመነጨው ማን መሰላችሁ? ስቡ ራሱ! ይህን አንቀጽ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ አይደለም። ምን ያህል እንዳለ ለአንጎል ያለማቋረጥ የሚያሳውቅ፣ የሚሠራ የሰውነት ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ሐኪሞች ሰውነቷ ሌፕቲን መሥራት ለማይችል የ9 ዓመት ልጅ ሆርሞኑን በመርፌ ሰጧት። 94 ኪሎ ነበረች። በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ያህል ቀነሰች፤ የማያባራው ረሀቧም ጋብ አለ። ታዲያ ለሁላችንም ለምን አይሰጥም? ምክንያቱም ውፍረት ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሌፕቲን አላነሳቸውም። እንዲያውም ስባቸው ብዙ ስለሆነ ሌፕቲናቸውም ብዙ ነው። ቢጨመርበት የሚለውጠው ነገር ትንሽ ነው።

ሌፕቲን ጉልበቱ የሚታየው ሲቀንስ ነው፤ ለእኛ ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ጋ ነው። ክብደት ስንቀንስ ስቡ ያንሳል፣ ሌፕቲኑም ይወርዳል። አንጎል ይህን የሚያነበው እንደ ድርቅ ነው። ረሀብ ይጨምራል። ጡንቻ ለተመሳሳይ ሥራ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል። ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን የተባለው የረሀብ ሆርሞንም ከፍ ይላል። በተለመደው ቀን ግሬሊን ከምግብ በፊት ወጥቶ ከበላን በኋላ ይወርዳል፤ ክብደት ከቀነስን በኋላ ግን መነሻው ራሱ ከፍ ብሎ ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ውፍረት ያለባቸው 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም አነስተኛ ካሎሪ ባለው አመጋገብ አቆያቸው። ከዓመት በኋላ ሲለኩ ሆርሞኖቹ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ ረሀባቸውም ከመጀመሪያው የበለጠ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ሙሉ ዓመት! ይህን ካነበብኩ በኋላ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው «ወኔ የለህም» ሲሉት መስማት አልችልም። ሰውየው በየቀኑ ከምን ጋር እየታገለ እንደሆነ አናይም።

ከሰውነቴ ጋር በቀጥታ ያገናዘብኩት የእንቅልፉን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። አሥር ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወረደ፣ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ጨመረ። ሰዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ብቻውን ማስረጃ አላደርገውም። ያም ሆኖ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከእንቅልፍ ሰዓቴ ጎን ረሀቤን ከ1 እስከ 5 ነጥብ እየሰጠሁ መጻፍ ጀመርኩ። ያልተኛሁ ቀን ጠዋት ላይ ደህና ነኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ነጥቡ 4 እና 5 ላይ ይሰፍራል፤ ያውም የሚያምረኝ ጣፋጭ ነው። አሁን ከእራት ሰሃኔ በፊት የመኝታ ሰዓቴን ነው የማስተካክለው።

አንገት ላይ ስላለው የታይሮይድ ዕጢ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ዕጢው ሲደክም ክብደት ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጠነኛ ነው፣ ጥቂት የማይባለውም ጨውና ውሃ ነው። ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀትና የቆዳ መድረቅ ከተጨመረበት ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለውን የደም ምርመራ ማሠራት ነው። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል ከልክ ሲያልፍም እንዲሁ። ፊት ሲከብብ፣ ሆድ ሲያብጥ፣ እጅና እግር ሲቀጥን፣ ሆድ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ሲወጣ ሐኪም ማየት አለበት። እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም ይህንኑ ያመጣሉ፤ ሆኖም ያለ ሐኪም ማቋረጥ አደገኛ ነው። እባካችሁ በራሳችሁ አታቁሙ።

አሁን የደረስኩት ጂ.ኤል.ፒ. 1 ላይ ነው። ስንበላ ከአንጀት የሚወጣ፣ ጨጓራን የሚያዘገይና ለአንጎል ጥጋብን የሚነግር ሆርሞን ነው። የራሳችን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። እሱን አስመስሎ የተሠራው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ግን በሳምንት አንዴ በመርፌ መሰጠቱ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ትልቅ ጥናት ተሳታፊዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። መድኃኒቱን ካቆሙ በኋላ በተደረገው ክትትል ደግሞ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሷል። ከሌፕቲን ታሪክ ጋር ስታስተያዩት የሚጠበቅ ነው፤ መርፌው ሲቆም የሰውነት የድርቅ ምላሽ እዚያው ቆይቶ ይጠብቃል። ቀጥዬ የማነበው ይህን ምላሽ በጊዜ ብዛት ማለዘብ ይቻል እንደሆነ ነው፤ በተለይ ጡንቻን ጠብቆ ቀስ ብሎ መቀነስ ልዩነት ያመጣ እንደሆነ።