ጁፒተር ላይ ብልጭ ያለውን መያዝ፦ ከደሴ ሆነን የምንቀዳበት መንገድ

ጁፒተር ላይ የሚወድቅ ነገር ጠባሳ ወይም ብልጭታ ይተዋል። ጠባሳው ጊዜ ይሰጣል። ከሐምሌ 9 እስከ 15 ቀን 1986 ዓ.ም. የሹሜከር-ሌቪ 9 ጅራታም ኮከብ ስብርባሪዎች ተራ በተራ ሲወድቁ ያጠቆሩት ቦታ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሳይቀር ለሳምንታት ይታይ ነበር። አወዳደቁም ከአንድ ዓመት በፊት የታወቀ ስለነበር ሁሉም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የዛሬዎቹ ግን ቀጠሮ የላቸውም፤ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በርተው ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 2010 አንቶኒ ዌስሊ ከአውስትራሊያ፣ ክሪስቶፈር ጎ ከፊሊፒንስ አንዱን ብልጭታ በየፊናቸው ቀዱት። የወደቀው አካል ስፋት ከ8 እስከ 13 ሜትር ተገምቷል። ሁለቱም አማተሮች ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው የትልልቅ ተቋማት ብቻ አይደለም።

ፕላኔት ፎቶ የሚያነሳ ሰው የለመደው መንገድ ብልጭታን ያጠፋል፤ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። በሰከንድ 100 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀዳ የ90 ሰከንድ ቪዲዮ 9,000 ፍሬም አለው። አንድ ሰከንድ ተኩል የቆየ ብልጭታ የሚያርፈው በ150ዎቹ ላይ ብቻ ነው። ፍሬሞቹ ተደራርበው አማካያቸው ሲወሰድ ብርሃኑ ወደ ስልሳኛ ይወርድና ምንም አይታይም። ቆንጆ ፎቶ አውጥቶ ጥሬውን ቪዲዮ መሰረዝ ማለት ማስረጃውን መሰረዝ ነው። እኔ ጥሬውን ዲቴክት በሚባለው፣ ቪዲዮ ውስጥ ብልጭታ በሚፈልግ ነፃ ሶፍትዌር ሳላስፈትሽ አላጠፋም።

የምቀዳው ሽሚት-ካሴግሬን በሚባል፣ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ 2,000 ሚሊ ሜትር። ካሜራው ባለቀለም፣ ፒክስሉ 2.9 ማይክሮን፣ ፊቱ ላይ አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ የሚከለክል ፊልተር አለው። በዚህ ልክ አንድ ፒክስል 0.3 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) ያህል ይሸፍናል፤ 45 አርክ ሰከንድ የሆነ ጁፒተር 150 ፒክስል ስፋት ይኖረዋል። ምስል የሚያተልቀውን ባርሎው ሌንስ አልጨምርም፤ ምስሉ ሲተልቅ የብልጭታው ብርሃን ብዙ ፒክስል ላይ ተበትኖ ይሳሳል። የትኩረት ርዝመቱ 1,200 ሚሊ ሜትር የሆነ ኒውቶኒያን (ባለመስታወት ቴሌስኮፕ) ላለው ግን 2 እጥፍ ባርሎው ተገቢ ነው።

ቀረጻውን ፋየርካፕቸር በሚባል የመቅጃ ሶፍትዌር አደርጋለሁ፤ ኤክስፖዠር (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ፣ ክፈፉ 320 በ240 ፒክስል፣ በፒክስል 8 ቢት። ጌኑን (ካሜራው ምልክቱን የሚያጎላበትን መጠን) የምተወው ደማቁ የፕላኔቱ ክፍል ፒክስሉ ከሚችለው ብርሃን 60 በመቶ ሲደርስ ነው። ለፎቶ 80 በመቶ ያምራል፤ ብልጭታ ሲጨመርበት ግን ፒክስሉ ይሞላና ብርሃኑ ስንት እንደነበር መለካት አይቻልም። በዚህ አቀራረጽ በሰከንድ 7.7 ሜጋባይት፣ በሰዓት 28 ጊጋባይት ገደማ ይጻፋል። የካሜራውን ሙሉ ስፋት የሚቀዳ ሰው በሰከንድ ከ200 ሜጋባይት በላይ ይጠይቃል፤ ያኔ ላፕቶፑ ፍሬም መዝለል ይጀምራል። የፋይሉ ዓይነት ኤስኢአር (SER፣ ሳይጨመቅ የሚቀመጥ ቪዲዮ) ይሁን። ኤምፒ4 ደካማ ብልጭታን ከምስል ጩኸት (ከካሜራው የዘፈቀደ ነጠብጣብ) ቆጥሮ ይጨፈልቀዋል፤ ኤስኢአር ደግሞ የእያንዳንዱን ፍሬም ሰዓት ይይዛል። አምስት አምስት ደቂቃ፣ መካከል ላይ ሳላቋርጥ እቀዳለሁ።

የወሎ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የደሴ ቆርቆሮ ቀን የጠጣውን ሙቀት ከመሸ በኋላ ስለሚተፋ፣ ጁፒተር በጣሪያዎች በኩል ዝቅ ብሎ ሲታይ ይንቀጠቀጣል። ከ45 ዲግሪ በላይ እስኪወጣ መጠበቅ ይሻላል። ሲሚንቶ በረንዳ ላይ ከመትከልም ሣር ይመረጣል። ቴሌስኮፑን ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ደጅ ማቆየት ግድ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ደግሞ የፊት መስታወቱ ጤዛ ይይዛል። ከፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ ከፊቱ የተጠቀለለ 30 ሴንቲሜትር የጤዛ መከላከያ ጉሮሮ ጤዛውን ብዙ ያዘገየዋል። የሰሜን ኮከብ እዚህ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ተራራ ይጋርደዋል፤ አንዳንድ ኢኳቶሪያል ማውንትም (ወደዚያ ኮከብ አቅጣጫ ተነጣጥሮ የሚተከል የቴሌስኮፕ መቆሚያ) እስከዚያ ዝቅ አይልም። ለብልጭታ ግን አልትአዚመዝ (ወደ ላይና ወደ ጎን የሚዞር መቆሚያ) ይበቃል። ችግሩ ጁፒተር አናታችን ላይ ሲደርስ መከተል ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ አቋርጦ ሲያልፍ መቀጠል ነው።

ወቅቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ የሚሆንበት (ሌሊቱን ሙሉ የሚታይበት) ቀን በየዓመቱ አንድ ወር ያህል ይገፋል። በ2018 ዓ.ም. ጥር መጀመሪያ ላይ ነበር፤ በ2019 የካቲት፣ ከዚያ ወደ በልግ፣ በኋላም ወደ ክረምት ይገባል። በእነዚያ ዓመታት የሚያዋጣው ቀደም ብሎ በበጋው ጥርት ያለ ሰማይ ከሌሊት እስከ ንጋት መቅዳት ነው።

ሰዓት ሌላው ፈተና ነው። ላፕቶፑን ዩቲሲ (UTC፣ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ላይ አድርጉት። የማታውን የኛን ሰዓት ለመቀየር 15 ጨምሩ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 18:00 ይሆናል፣ ድምሩ 24 ከሞላ 24 ቀንሱ። የዩቲሲ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኢንተርኔት ከጠፋ የኮምፒውተሩ ሰዓት ይንሸራተታል፤ ከቀረጻ በፊት አመሳስሉት፣ ካልሆነ የስልክን ጂፒኤስ ሰዓት ጎን ለጎን መዝግቡ።

ሶፍትዌሩ የሚጠቁመው አብዛኛው ሐሰት ነው። አንድ ፍሬም ላይ ብቻ ያለች፣ መርፌ የምታህል ነጥብ የኮስሚክ ጨረር ናት። ከፍሬም ፍሬም የምትሄድ ሳተላይት ናት። ፕላኔቱ ሲንሸራተት ካሜራው ላይ ባለችበት የምትቀር ደግሞ የተበላሸ ፒክስል ናት። እውነተኛው ከፕላኔቱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ በርቶ ቀስ ብሎ ይከስማል፣ አየሩ ሲንቀጠቀጥም አብሮ ይደበዝዛል። ጠባሳ ለሚፈልግ ደግሞ የጨረቃዎቹ ጥላ ያታልላል፤ ጥላው ፕላኔቱን አቋርጦ ይወጣል፣ ጠባሳ ግን ከ9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ በኋላ እዚያው ይመለሳል።

ምንም ያልተገኘበት ሰዓትም ይመዘገባል፤ በዓመት ስንት እንደሚወድቅ የሚሰላው ከታየው ብልጭታና ከተቀዳው ጠቅላላ ሰዓት ነው። ለዚህ የዲቴክትን ውጤት ፋይል ለዲቴክት ፕሮጀክት መላክ ይበቃል። ብልጭታ ከተገኘ ዋናውን ቪዲዮ ሳትነኩ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ከዚያ ከቅጂው ላይ ከብልጭታው በፊትና በኋላ 30 ሰከንድ ትታችሁ ቁረጡ፤ 460 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በቴሌግራም የምትልኩት ከሆነ ወደ ኤምፒ4 ሳትቀይሩ፣ እንደ ፋይል ይሁን።