ቤቱን ኅዳር ላይ ዞሮ ማየት

የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ዳርቻ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። ቤቱ እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የቤቱን እድሳት የምሠራው የዓመት ፈቃድ ስወጣ ብቻ ነው፤ ለብዙ ዓመት ደግሞ ፈቃዴን የምወስደው ለገና ነበር።

ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር። ለገና ስደርስ ሁሉም ነገር ደርቋል። ግድግዳው ላይ የተላጠ ቦታ አያለሁ፣ አስለስናለሁ፣ ቀለም ቀብቼ እመለሳለሁ። በሚቀጥለው ክረምት ያው ቦታ ይላጣል። አንድ ዓመትማ ተናድጄ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ሁለት ዓመት አማረ። ከዚያ ሲሚንቶው እንደ ዛፍ ልጥ ተነሣ፤ ከጀርባው ያለው ጭቃ በስብሶ ነበር። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት። በዚያ ወጪ ዛሬም ይቆጨኛል።

በ2010 ዓ.ም. ፈቃዴን ወደ ኅዳር መጀመሪያ አዞርኩት። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልሠራሁም፤ ቤቱን ዞሬ አየሁ። የክረምቱ ዱካ ገና አልጠፋም። ከቆርቆሮው ጠርዝ የወረደው ውሃ መሬቱን ቦርቡሮ፣ ከግድግዳው ጎን ለጎን ቀጭን ቦይ ሠርቷል። ከዚያ ቦይ የተፈናጠረው ጭቃ ግድግዳው ላይ እስከ ወገቤ ድረስ ተረጭቷል። በየዓመቱ የሚላጠው ልክ እዚያው ነው! ለካ ግድግዳው አልነበረም ችግሩ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ነው። ያየሁትን ሁሉ በከሰል ምልክት አደረግሁበት። ታኅሣሥ ላይ ብመጣ ኖሮ ይህን ሁሉ ንፋስና አቧራ ይሸፍነው ነበር።

ስለዚህ ከልስን በፊት አሸንዳ አስገባሁ። ሂሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። የእኛ ጣሪያ 6 በ8 ነው፣ 48 ካሬ። 20 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጥሩ ዝናብ 960 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ነበር የግድግዳውን እግር ሲደበድብ የኖረው። ከአሸንዳው ሥር ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አስቀመጥን። ጣሪያ ላይ ከወጣን አይቀር የላሉትን ምስማሮች ጎማ ቀየርን፣ በላያቸውም ሬንጅ አደረግን። የጓዳው ማፍሰስ በዚሁ ቆመ።

ልስኑን የሠሩልን አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ በሁለት ቀን ያልቃል ብዬ ነበር። «ጭቃ ሳይቦካ ይሰነጠቃል፤ ምን ያስቸኩልሻል ልጄ?» አሉኝ። የጤፍ ጭድ ከወይና ደጋ የመጣ ገዛን፤ የእኛ አገር የገብስ ገለባ ሸካራ ነው፣ ለልስን አይሆንም አሉ። ጭቃውን በእግራችን ረገጥን፣ ሸፈንነው፣ በማግስቱ ውሃ ጨምረን ደግመን ረገጥን። እንዲህ እያልን ሳምንት አለፈ። ለመጨረሻው ልስን እበት ገባበት። አንዱን ጎን እኔ ችኩሏ ከሰዓት በኋላ ካልተለሰነ ብዬ አስለሰንኩ። ሌሊት ውርጭ ወረደበት፤ ጠዋት በጣቴ ስነካው እንደ ጨው ተፈረፈረ። ከዚያ በኋላ ጤዛው ሲነሣ እየጀመርን ቀትር ላይ ማቆም ሆነ።

ግቢው ውስጥ ደግሞ ከግድግዳው በአራት ሜትር ርቀት ሁለት ባሕር ዛፎች ነበሩ። የጓሮውን አፈር አድርቀውት ከሥራቸው ሣር እንኳ አይበቅልም። አስቆረጥናቸው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ የጉቶውን ልጥ እስከ መሬት ድረስ ላጥንበት።

ይህን ስንሠራ ኅዳር 12 ደረሰ። እናቴ «ኅዳር ሳይታጠን ቤት ታደሰ አይባልም» ትላለች። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። እኔ ቅጠላ ቅጠሉን ሁሉ ለብስባሽ ነበር የፈለግሁት። ተነጋገርንና ተስማማን። የባሕር ዛፉ ቅጠል ለብስባሽ ስለማይመች ለጭሱ ሆነ፤ ግቢው ደስ በሚል ሽታ ታጠነ። አረሙ፣ የባቄላው አገዳና አሮጌው የጎመን ቅጠል ጉድጓድ ገባ።

አትክልቱ ላይ ብዙ የተማርኩት ከድንቹ ነው። የጓሮው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የነበረው ድንች በአንድ ሌሊት ውርጭ ጠቆረ፤ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ነበር። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው ግን ብዙም አልተነካም። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅታውን ውርጭ ለሚችሉት ለጎመን፣ ለካሮትና ለነጭ ሽንኩርት ተውኩት። በሶብላውንና ጤና አዳሙን ነቅለን ከድንጋይ ካቡ ሥር ተከልናቸው፤ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይሰጣል። ሰማዩ ጥርት ሲልና ንፋሱ ጸጥ ሲል ውርጭ እንደሚመጣ እናቴ ታውቃለች። ያን ዕለት አፈሩን በጊዜ ታጠጣና ሲመሽ ደረቅ ሣር ታለብሳቸዋለች።

በሐምሌ ስልክ ደወለች። ግድግዳው ደህና ነው፣ አንድም ቦታ አልተላጠም። «ሮቶሽ ግን ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ ወዴት ልስደደው?» አለችኝ። ስለ ትርፉ ውሃ አላሰብኩም ነበር። እስከ ጌሾው ድረስ በዶማ ትንሽ ቦይ አስወጣች። በድንጋይ የምናነጥፈው ለኅዳር ነው።