ጉርሻ ስንት ግራም ነው?

ሆላንድ ማስተርሴን የምማረው የስፖርት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምግብ ነው። የመጀመሪያው የላብራቶሪ ቀን ጉድ ፈላ። አፍና አፍንጫዬ ላይ ጭንብል ታስሮ፣ ትንፋሼ እየተለካ ትሬድሚል ላይ ሮጥኩ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሰሙ ሁሉ ከበቡኝ። በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው የአበበ ቢቂላ የልጅ ልጅ መሰልኳቸው መሰለኝ። እኔ እኮ ያደግኩት ታክሲ ስጋፋ ነው! ከክፍሉ ቀድሜ «በቃኝ» አልኩ።

ለክረምት ሱሉልታ፣ አክስቴ ቤት መጣሁ። ልጇ ሯጭ ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኦክስጅኑ ከሆላንድ ጋር እኩል 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀነሰው የአየሩ ግፊት ነው። ይህን ፈተና ላይ በትክክል መልሻለሁ። ሳንባዬ ግን አልተማረም፤ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው በር ሁለቴ ቆምኩ።

የቤት ሥራዬ የአንድ ሯጭ የሦስት ቀን ምግብ መመዝገብ ነበር። ከመብላቱ በፊት ይመዘናል፣ የተረፈውም ይመዘናል። ሚዛኗን ሳወጣ አክስቴ፣ «ለልጄ እህል ልትመትርበት ነው?» አለች።

የጠዋቱ በሶ አላስቸገረም። ምሳ ላይ ግን ትሪው አንድ ነው፤ የማን ሽሮ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ለብቻው በሳህን ይቅረብለት አልኩ። «እንደተጣላ ሰው?» ብላ ተቆጣች፣ ግን አቀረበች። እሺ ብሎ መዝኜ የሰጠሁትን በላ። ልክ እንደጨረሰ አጎረሰችው። «አንድ ያጣላል» ብላ ደገመችው። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ሦስተኛውን ጨመረች። ሚዛኗን ይዤ ቀረሁ።

ጀበናው ሲቀርብ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከሽሮውና ከጤፉ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ ለሯጭ ደግሞ ኦክስጅን የሚሸከመው ደሙ የሚሠራው በብረት ነው አልኩ። አክስቴ ጀበናውን አየች፣ እኔን አየች።

«የምታማው ቡናውን ነው እኔን?»

በማግስቱ ቡናው ከምሳ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቀረበ። ማንም ምንም አላለም።

መዝገቡን ለአማካሪዬ ላክሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ቦታ «ጉርሻ» ብዬ ጽፌ የክብደቱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። «ጉርሻ ስንት ግራም ነው?» ብላ ጻፈችልኝ።

«እንደ አጉራሹ ነው» አልኳት።