ከተከላካይ ጠበቃነት ወደ ዳኝነት ወንበር

የወንጀል ጠበቃ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም፦ «ወንጀለኛን እንዴት ትከላከያለሽ?» መልሴ ያኔም ዛሬም ያው ነው። ወንጀለኛነቱ ገና አልተረጋገጠማ! በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 11 የሚለው ይህንኑ ነው።

«ለሴት የቤተሰብ ጉዳይ ይሻላል» ያሉኝም ብዙ ናቸው። አልሰማኋቸውም። በተለይ መስቀለኛ ጥያቄን፣ ማለትም የተቃራኒ ወገን ምስክርን መጠየቅን፣ እወደው ነበር። ብዙ ሰው ጩኸትና ማስፈራራት ይመስለዋል። እኔ የምሠራው ግን ማታ፣ መዝገቡ ላይ ነበር። ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ከችሎቱ ቃል ጎን አስቀምጣለሁ። ሰዓቱ ይገጥማል? ከቆመበት ቦታ ፊት ይለያል? መብራት ነበር? ከዚያ አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጃለሁ፤ በአንድ ጥያቄ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ። መልሱን የማላውቀውን አልጠይቅም።

ለዳኝነት ያበቃኝ ይህ ልምድ ነው ብዬ አምናለሁ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ደግሞ ከሁሉም የከበደኝ ዝም ማለት ሆነ። ጠበቃው ዋናውን ጥያቄ ዘሎ ሲያልፍ አያለሁ። እጄን ይበላኛል። ዳኛ ግልጽ ያልሆነውን ለማጣራት ይጠይቃል እንጂ የአንዱን ወገን ክፍተት አይሞላም። እዚያ ላይ ራስን መግዛት የየቀን ትግል ነው።

ማኅበራዊ ኑሮውም ይቀየራል። ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር ስለ መዝገብ ማውራት ቀረ። በጠበቃነቴ የያዝኩት ጉዳይ ከመጣ ከችሎት እነሳለሁ፤ የ2002ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የባንጋሎር የዳኝነት ሥነ ምግባር መርሆዎችም ይህን ይጠይቃሉ። ብቸኝነቱ ቀላል አይደለም፣ ግን ተገቢ ነው።

ፍርድ ስጽፍ የማስበው የሚሸነፈውን ሰው ነው። የትኛውን ምስክር ለምን እንዳመንኩ፣ የእሱን መከራከሪያ ለምን እንዳልተቀበልኩ በቀላል ቋንቋ አስቀምጣለሁ። «ማስረጃውን መርምረናል» ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል። ሰው ነጻነቱን ሲያጣ ምክንያቱን ማወቅ አለበት። ይግባኝ ቢል እንኳ ምኑን እንደሚቃወም የሚያውቀው ምክንያቱ ከተጻፈ ነው።

ዳኛ መሆን ለሚያስቡ ወጣት ጠበቆች የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ መክፈል ለማይችሉ ተከሳሾች ቁሙ። እስር ቤት ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ክስን ከተከሳሹ ሳጥን በኩል የማየት ዕድል፣ ወንበሩ ላይ ከወጡ በኋላ አይገኝም።