የማንጎና የሎሚ ቀዝቃዛ ሻይ በቤት ውስጥ

ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ ትኩስ ሻይ አይወርድም። ማንጎና ሎሚ ያለው ቀዝቃዛ ሻይ ግን ይወርዳል፤ በትክክል ከተሠራ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ገና ምድጃው ላይ ነው። ለቁርስ ሻይ ቅጠሉን ከነውሃው ጥደን ቀይ እስኪሆን እናንተከትካለን፤ ምሬቱን ስኳሩና ቅመሙ ይሸፍኑታል። ሻይ ሲቀዘቅዝ ግን ጣፋጭነቱ ለምላስ ይቀንስና አፍ የሚያደርቀው ጠባዩ ጎልቶ ይቀራል። ስለዚህ ቅጠሉን አብዙ፣ ጊዜውን አሳጥሩ።

600 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉ። እሳቱን አጥፉና 10 ግራም ቅጠል ጨምሩ፤ ሳይቆለል በሻይ ማንኪያ 5 ያህል ነው። የውሽውሽም የጉማሮም ቅጠል ይሆናል። ወዲያው ክደኑትና 5 ደቂቃ ተዉት። ክዳኑ ለጌጥ አይደለም፤ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ክፍት ከተተወ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል። ስታጠሉት ቅጠሉን በማንኪያ አትጭመቁት፤ መጨረሻ የሚወጣው ጠብታ ነው የሚመረው። ገና ትኩስ ሳለ 5 የሾርባ ማንኪያ ስኳር አሟሙበት። ከቀዘቀዘ በኋላ የተጨመረ ስኳር ጆጉ ሥር ይተኛል። ሞቅ እንዳለ ስትቀምሱት ትንሽ የበዛ ጣፋጭ ከመሰላችሁ ልኩ ነው።

አሁን ማንጎው። 2 መካከለኛ፣ ሲጫኑት እሺ የሚል፣ እንብርቱ ጋ የሚሸት ምረጡ፤ 300 ግራም ያህል ሥጋ ይወጣዋል። ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ብርጭቆ ውሃ ፍጩትና በማጥለያ አሳልፉት፣ በማንኪያ ጀርባ እያሻችሁ። የአገሩ ማንጎ ክራም ነው፤ ይህን ሥራ የዘለለ ሰው ሲጠጣ ጥርሱን ሲያጸዳ ይውላል። ማንጎውን ከሻዩ የምትቀላቅሉት ሻዩ ጨርሶ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው። በትኩሱ ከገባ ትኩስ የፍሬ ሽታው ይጠፋና ማርማላታ ማርማላታ ይላል። በመጨረሻ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ ከፍሬው የጸዳ። ያለ ሎሚ ማንጎው ከብዶ ይቀራል። ሎሚው ሲገባ ሻዩ ፈዘዝ ይላል፤ ኮምጣጣው ቀለሙን ስለሚያቀለው ነው እንጂ ሻዩ ቀጥኖ አይደለም፣ ቅጠል አትጨምሩ።

ይህ ከ1 ሊትር ትንሽ ያልፋል። በረዶው በየብርጭቆው እንጂ በጆጉ ውስጥ አይግባ። በረዶ የሚሠራውም ከፈላ ውሃ ነው፤ ቅዝቃዜ ጀርም አይገድልም። መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ በረዶውን ማታውኑ አዘጋጁት።

ማንጎ ሳይገባ በሎሚ ብቻ ለሚሠራው ቅጠሉን ወደ 6 ግራም ዝቅ አድርጉ፣ ሻዩንም ትኩስ ሳለ ፍሪጅ አትክተቱት። ጠንካራ ሻይ ሲቀዘቅዝ ካፌይኑና አፍ የሚያደርቀው ታኒኑ ይያያዙና ጭቃ ውሃ ያስመስሉታል። አይጎዳም፣ ግን ለእንግዳ አይቀርብም። ከደፈረሰ ጥቂት የፈላ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ይጠራል። ከዘጌ የሚመጣው ትንሹ ሎሚ ለዚህ ይበልጣል፤ ልጣጩን ግን ውስጡ አታቆዩት፣ ነጩ ክፍል ይመራል።

ዘይቱንም ይሆናል፣ ጉዋቫ የምትሉት፤ በውስጡ ያሉት ጠጣር ፍሬዎች እንዳይደቁ ለ10 ሰከንድ ብቻ ፍጩና አጥሉት። ፓፓያን ተዉት። ኮምጣጣ ስለሌለው ከሻይ ጋር ጣዕሙ ይሞታል። ቅመም ካሰኛችሁ ለማንጎው አንድ ቁራጭ ቀረፋ ከቅጠሉ ጋር ይበቃል፤ ቅርንፉድ ፍሬውን ይውጠዋል።

የማንጎው ሻይ ፍሪጅ ውስጥ 2 ቀን ይቆያል። ዝቃጭ ቢሠራ የማንጎው ሥጋ ነው፣ አማስሉት። ክዳኑ ሲከፈት አየር ሽሽ ብሎ ከወጣ ወይም አረፋ ከያዘ ግን መፍላት ጀምሯልና ይደፋ።