ሁለቴ ካልነኳት

የእህቴ ልጅ ዛሬ ዝንብ በሊታዋን ተክሌን፣ ቪነስ ፍላይትራፕን፣ በእርሳስ ጫፍ ነካ አደረጋት። ዝም። «አጎቴ፣ ሞታለች እንዴ?» ደግሞ ሲነካት ጥርቅም! እርሳሱን ጥሎ ሮጠ።

ወጥመድ በሆነው ቅጠሏ ውስጥ ብቅ ብቅ ያሉ ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ፤ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለቴ ካልተነኩ ንቅንቅ አትልም። የዝናብ ጠብታን ከዝንብ የምትለየው እንዲህ ቆጥራ ነው። ውስጧ የሚንፈራገጥ ከሌለ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ባዶ አፏን ትከፍታለች። ድካሟ ግን በከንቱ ቀረ፤ አንድ ወጥመድ በዕድሜው የሚዘጋው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ልቆጣው አልኩና አፈርኩ። የመጀመሪያዋን የገደልኳት እኔው ነኝ፣ በቧንቧ ውሃና በማዳበሪያ «ስንከባከባት»። ለካ ድሃ አፈር የለመደ ሥር በእነሱ ውስጥ ያለውን ጨው አይችልም። አሁን የዝናብ ውሃ ብቻ ነው የማጠጣት።

ልጁ በሩን ተደግፎ፦ «አሁንስ ርቧታል?»